ሰው ከታንኳ ሲወድቅ

ጣና ሰፊ ሐይቅ ነው። ስፋቱ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል። ከሰሜን እስከ ደቡብ ቢለካ ርዝመቱ 80 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ጥልቀቱ ግን የስፋቱን ያህል አይደለም። እጅግ ጥልቅ የሆነው ቦታ እንኳ 15 ሜትር ገደማ ቢሆን ነው። ይህን የሰማ ሰው «እንግዲያው ጣና ምኑ ያስፈራል?» ይል ይሆናል። ነገሩ እንደዚያ አይደለም። ለሚሰጥም ሰው ሦስት ሜትርም አሥራ አምስት ሜትርም አንድ ነው። ደግሞም ሰፊ ሆኖ ጥልቀት የሌለውን ውኃ ነፋስ ሲመታው ማዕበሉ አጫጭርና ተደራራቢ ይሆናል። አንዱ ሳያልፍ ሌላው ይመጣል። ታንኳን የሚያንገላታው እንዲህ ያለው ማዕበል ነው።

በሐይቁ ዳር የሚኖር ሰው ደግሞ «ውኃው ያስፈራልና ይቅርብኝ» ሊል አይችልም። እንጨቱን ጭኖ ገበያ ይሄዳል። ዓሣ ያጠምዳል። ደሴት ላይ ያለ ዘመዱን ይጠይቃል። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው አንድ ሰው ከታንኳ ላይ ቢወድቅ ታንኳው ላይ የቀሩት ምን ማድረግ እንደሚገባቸው ነው። «ታንኳው ላይ የቀሩት» ያልነው ሆን ብለን ነው። ብዙ ጊዜ ነፍስ የሚያድነው ዘሎ የገባው ደፋር ሳይሆን ታንኳው ላይ የቀረው አስተዋይ ነው።

የዓለም የጤና ድርጅት እንደ ገመተው እ.ኤ.አ. በ2021 ብቻ በዓለም ላይ 300,000 ያህል ሰዎች በመስጠም ሞተዋል። ከአሥሩ ከዘጠኝ የሚበልጡት እንደኛ ባሉ ድኻና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች የሚኖሩ ነበሩ።

ደንገል መቼ እንደሚታጨድ፣ ታንኳ እንዴት እንደሚታሰር እናንተ ታውቃላችሁ። በዚህ በኩል ተማሪዎቹ እኛ ነን። ሰው ሲሰጥም በሰውነቱ ላይ የሚደርሰውን ነገር ግን ሐኪሞችና ነፍስ አድን ሠራተኞች አጥንተውታል። እኛ የምንነግራችሁ እሱን ነው።

ነገሩን በምሳሌ እንየው። ሦስት ሰዎች ከዘጌ ተነሥተው በታንኳ እንጨት ጭነው ወደ ባሕር ዳር ይሄዳሉ እንበል። አንደኛው ሸምገል ያሉ ቀዛፊ ናቸው። ሁለተኛው ልጃቸው ነው። ሦስተኛው ጎረቤታቸው ነው። አርፍደው ስለ ተነሡ መንገድ ላይ ቀትር ሆነ። ነፋስም ተነሣ።

ለመሆኑ ነፋሱ ከቀትር በኋላ የሚበረታው ለምንድን ነው? ቀን ፀሐይ ስትወጣ መሬት ቶሎ ይሞቃል፤ ውኃ ግን ቀስ እያለ ነው የሚሞቀው። በሞቀው መሬት ላይ ያለው አየር ቀላል ይሆንና ወደ ላይ ይወጣል። ያን ቦታ ለመሙላት ከሐይቁ ላይ ቀዝቀዝ ያለው አየር ወደ መሬት ይነፍሳል። ሌሊት ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። መሬት ቶሎ ስለሚቀዘቅዝ ነፋሱ ከመሬት ወደ ሐይቁ ይሆናል። አባቶች በማለዳ ተነሥተው ከቀትር በፊት ዳር የሚደርሱት ያለ ምክንያት አይደለም። የሌሊቱ ነፋስ ሌላም ክፋት አለው፤ የወደቀውን ሰው ከዳር እያራቀ ወደ ሐይቁ መሀል ይገፋዋል።

ወደ ምሳሌያችን እንመለስ። ጭነቱ ዘመም አለ። ጎረቤትየው ሊያስተካክል ብድግ አለ። ማዕበል መጣ፤ ሰውየው ውኃ ውስጥ ገባ።

መጀመሪያ ምን ይደረግ? መጮህ ነው። «ሰው ወደቀ!» ይባል። ቀዛፊው ፊቱን ወደ ፊት አድርጎ ስለሚቀዝፍ ከኋላው የሆነውን ላያይ ይችላል። ሌላም ታንኳ በአቅራቢያው ካለ ይሰማል።

ወዲያው ደግሞ አንድ ሰው ዓይኑን በወደቀው ሰው ላይ ይትከል። በእጁም ይጠቁም። በምሳሌያችን ይህ ሥራ የልጁ ነው። አባትየው «አንተ ልጅ፣ ዓይንህን እንዳትነቅል!» ሊሉት ይገባል። ልጁ ገመድ አይፈልግ፣ ጭነት አያስተካክል፣ አይቅዘፍ። ማየት ብቻ ነው ሥራው። ይህ ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ግን ትንሽ አይደለም። ውኃ ውስጥ ያለ ሰው የሚታየው ራሱ ብቻ ነው። ራስ ደግሞ ከሩቅ ሲታይ ከቅል አይበልጥም። ማዕበል መሀል ሲገባ ይጠፋል፤ ማዕበሉ ሲያልፍ ይታያል። አንድ ጊዜ ዓይናችሁን ካነሣችሁ ታንኳውም እየዞረ ስለሆነ በየት በኩል እንደ ነበረ ማወቅ ይቸግራል።

በትልልቅ ባሕሮች በሸራ ጀልባ የሚጓዙ ሰዎች ይህን ደንብ አጥብቀው ይይዙታል። የሸራ ጀልባ ማለት በላዩ ትልቅ ጨርቅ ተወጥሮ ነፋስ የሚገፋው ጀልባ ነው። መቅዘፊያ ስላይደለ የሚያስኬደው በአንድ ጊዜ ቀጥ ላድርገው ቢሉት አይቆምም። በሰዓት 10 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ጀልባ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ከወደቀው ሰው ከ160 ሜትር በላይ ይርቃል። ኤሪክ ታባርሊ የሚባል ፈረንሳዊ ነበር። በሸራ ጀልባ ብቻውን የአትላንቲክን ውቅያኖስ በማቋረጥ ውድድር እ.ኤ.አ. በ1964 እና በ1976 አሸናፊ ሆኗል። በአገሩ ከእሱ የበለጠ ታዋቂ ባሕረኛ አልነበረም ማለት ይቻላል። ይህ ሰው እ.ኤ.አ. በሰኔ ወር 1998 ዓ.ም. በዌልስ አገር አጠገብ ሌሊት ሸራ ሲቀይር ሸራው የታሰረበት እንጨት መታውና ባሕር ውስጥ ጣለው። በገመድ ከጀልባው ጋር አልታሰረም ነበር። ጀልባው ላይ ሌሎች ሰዎች ነበሩ፤ በጨለማ ፈልገው አጡት። ሬሳውን ዓሣ አጥማጆች ያገኙት ከሳምንታት በኋላ ነው። እንዲህ ያለ ባለሙያ እንኳ ከዓይን ከተሰወረ አይገኝም።

ሁለተኛው ነገር ተንሳፋፊ ዕቃ መወርወር ነው። ታንኳው እስኪዞር ድረስ ሰውየው የሚይዘው ያስፈልገዋል። ከሁሉ የሚሻለው ክዳኑ የጠበቀ ባዶ ጀሪካን ነው። ሰው ውኃ ውስጥ ሲሆን ክብደቱ እጅግ እንደሚቀል እናንተም ታውቃላችሁ። ራሱን ከውኃ በላይ ለመያዝ ጥቂት ኪሎ የሚያነሣ ነገር ይበቃዋል። 20 ሊትር የሚይዝ ባዶ ጀሪካን ግን 20 ኪሎ ያህል ያነሣል። ስለዚህ አንዱ ይበቃል። ጀሪካን ከሌለ የደረቀ የደንገል እስር ወይም ትልቅ ቅል ይወርወር። ሲወረወርም በሰውየው ራስ ላይ ሳይሆን አጠገቡ እንዲያርፍ ነው።

መጣራትም ይገባል። «አይዞህ ወንድሜ! መጣን! በጀርባህ ተንጋለል!» ይባል። የሰው ድምፅ የሰማ ሰው ይረጋጋል። የተረጋጋ ሰው ደግሞ በጀርባው ተንጋሎ መንሳፈፍ ይችላል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበትን እንንገራችሁ። የሚሰጥም ሰው ይጮኻል፣ እጁን ያወራጫል ብለን እናስባለን። የሚጮህ ሰው እርግጥ ጭንቅ ላይ ነው፤ ግን ገና ትንፋሽ አለው። የባሰበት ሰው ዝም ይላል። በኒው ዮርክ ከተማ የባሕር ዳርቻ ነፍስ አድን ሠራተኛ የነበረ ፍራንክ ፒያ የተባለ ሰው የሚሰጥሙ ሰዎችን በፊልም አንሥቶ አጥንቷል። ያገኘውም ይህን ነው። ሰውየው ራሱ ወደ ኋላ ይዘነበላል። አፉ አንዴ ከውኃው በላይ፣ አንዴ ከውኃው በታች ይሆናል። አፉ ብቅ ባለች ቅጽበት አየር ይስባል እንጂ ለመጮህ ጊዜ የለውም። እጆቹን በሁለት በኩል ዘርግቶ ውኃውን ወደ ታች ይጫናል፤ ስለዚህ እጁን አንሥቶ ሊጠራችሁ አይችልም። ይህ ሁኔታ ከ20 እስከ 60 ሴኮንድ ብቻ ይቆያል። ከዚያ ይሰጥማል። እንግዲህ ውኃ ውስጥ ያለ ሰው ዝም ካለ «በረታ፣ ሊዋኝ ነው» አትበሉ። ጠይቁት። ካልመለሰ ፍጠኑ።

ታዲያ ዘሎ መግባትስ? የሚዋኝ ሰው ሁሉ ልቡ የሚለው ይህንኑ ነው። እኛ ግን አትግቡ እንላለን። ውኃ የወሰደው ሰው አረፋ ይጨብጣል ይባል የለም? አረፋ የሚጨብጥ ሰው አንገታችሁን ካገኘ እንዴት አድርጎ ሊይዝ እንደሚችል ገምቱ። ወንድሙንም አባቱንም አይለይም። ላያችሁ ላይ ወጥቶ ለመተንፈስ ይታገላል። በዚህ ዓይነት ሊያድን የገባው ሰው አብሮ ይሞታል። ታንኳውም አንድ ቀዛፊ ይጎድልበታል።

እንግዲህ ታንኳው ዞሮ ሊመጣ ነው። እንዴት ይምጣ? የሸራ ጀልባ ሰዎች ወደ ወደቀው ሰው የሚቀርቡት ነፋሱ በሚሄድበት በኩል፣ ከሰውየው በታች ዞረው ነው። ከዚያ የጀልባቸውን ፊት ወደ ነፋሱ ይመልሳሉ። ሸራው ይርገበገባል፣ ኃይሉን ያጣል፤ ጀልባውም በሰውየው አጠገብ ይቆማል። ለታንኳም ይኸው ይሠራል። ነፋሱ ከኋላችሁ እየገፋችሁ ብትመጡ መቅዘፍ ብታቆሙም ታንኳው አይቆምላችሁም። ደንገል ቀላል ስለሆነ ነፋስ ይገፋዋል፤ ሰውየውን ሊመታው ወይም በላዩ ላይ ሊወጣበት ይችላል። ነፋሱ ፊታችሁን እየመታችሁ ብትመጡ ግን መቅዘፊያውን ባነሣችሁበት ቦታ ታንኳው ይዘገያል። ጥቂት ዞሮ መምጣቱ ጊዜ የሚያባክን ይመስላል። ነገር ግን አልፎት ሄዶ እንደገና ከመዞር ይሻላል። የሞተር ጀልባ የያዘ ሰው ደግሞ ሰውየው አጠገብ ሲደርስ ሞተሩን ያጥፋ። ከበስተኋላ ውኃ ውስጥ የሚሽከረከረው ብረት ሰው ይቆርጣል።

አጠገቡ ስትደርሱ መጀመሪያ እጃችሁን አትስጡት። መቅዘፊያውን ወይም ገመዱን ስጡት። ተደፍታችሁ ወይም ተንበርክካችሁ ስጡት እንጂ አትቁሙ። ቆሞ እጁን የሰጠ ሰው ተስቦ ይገባል።

አሁን የወጣቱ ጉልበትና የሽማግሌው ብልሃት የሚፈለግበት ቦታ ደረስን። ሰውየውን ከጎን በኩል ለመሳብ መሞከር በትንሽ ታንኳ ላይ አደገኛ ነው። ሁሉም በአንድ ወገን ሲያዘነብል ታንኳው ይገለበጣል፤ አንድ የወደቀ ሰው ሦስት ይሆናል። ስለዚህ ሰውየው መቅዘፊያውን እንደ ያዘ ወደ ታንኳው ኋላ ይወሰድ። የፊቱ ጫፍ ቀና ብሎ ስለሚሠራ ለመውጣት አይመችም። በኋላ በኩል ሁለት እጁን ይደግፍ፤ እግሩን እንደ ዋናተኛ ያወራጭ። አንድ ሰው ከብብቱ ሥር ይዞ ይሳብ። ሌላው ክብደቱን ለማመዛዘን ወደ ፊት ጠጋ ይበል። እንጨቱ ከከበደ ወደ ውኃ ይጣል። የእንጨቱ ዋጋ ያሳዝናል፤ ግን እንጨት ይለቀማል።

ሰውየው ደክሞት መውጣት ካቃተው አታስጨንቁት። ከብብቱ ሥር ገመድ አሳልፋችሁ ኋላው ላይ ያዙት፤ ራሱ ከውኃ በላይ መሆኑን እያያችሁ ቀስ ብላችሁ ወደ ዳር ቅዘፉ።

ታንኳው ራሱ ቢገለበጥስ? ታንኳውን እንዳትለቁ! ደንገል ውስጡ አየር የሞላው ስለሆነ ተገልብጦም ይንሳፈፋል። ዳሩ ቅርብ መስሏችሁ ለመዋኘት አትነሡ። ውኃ ላይ ርቀት ያታልላል። ሰውም ታንኳን ያገኛል እንጂ ብቻዋን የምትታይ ራስን አያገኝም። ነገር ግን አሮጌ ታንኳ ውኃ እየጠጣ እንደሚከብድ አትርሱ። ከውኃ አውጥቶ ፀሐይ ላይ ማድረቅ ለዚህም ቀን ይጠቅማል።

ሰውየው ዳር ከደረሰ በኋላ ምን ይደረግ? ይተነፍስ እንደሆነ እዩ። ጆሯችሁን ወደ አፉ አስጠጉ፤ ደረቱን ተመልከቱ። እስከ አሥር ቁጠሩ። የማይተነፍስ ከሆነ ጊዜ የለም። አንጎል ያለ አየር መቆየት የሚችለው ጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው።

በብዙ አገር የሰጠመን ሰው እግሩን ይዞ መዘቅዘቅ ወይም ሆዱን መጫን የተለመደ ነው። ውኃውን ለማስወጣት ነው ይባላል። ይህ ሰውየውን ይጎዳዋል። ሳንባ ውስጥ የገባው ውኃ ብዙ ጊዜ ጥቂት ነው፤ ብዙው ሆድ ውስጥ ያለ ነው። ሆዱ ሲጫን የበላው ነገር ወደ ላይ ይመጣና ወደ መተንፈሻው ይገባል። የቀረችውንም ዕድል ያሳጣዋል። ሰውየውን የገደለው የአየር እጦት ስለሆነ የሚያስፈልገው አየር ነው።

በደረቅና ጠንካራ መሬት ላይ በጀርባው አስተኙት። ግንባሩን ገፋ፣ አገጩን ቀና አድርጉ፤ የጉሮሮው መንገድ ይከፈታል። አፍንጫውን በጣታችሁ ቆንጥጡ። አፋችሁን በአፉ ላይ ግጠሙና ደረቱ ከፍ እስኪል ድረስ ትንፋሽ ስጡት። ይህን አምስት ጊዜ አድርጉ። አሁንም ካልተነፈሰ የእጃችሁን መዳፍ ደረቱ መሀል ባለው አጥንት ላይ አኑሩ። ሌላውን እጅ በላዩ ደርቡ። ክንዳችሁን ሳታጥፉ ወደ ታች ተጫኑ፤ አምስት ሳንቲ ሜትር ያህል ዝቅ ይበል። በአንድ ሴኮንድ ሁለት ጊዜ ያህል እየተጫናችሁ 30 ቁጠሩ። ከዚያ ሁለት ትንፋሽ ስጡ። እንደገና 30። እንደገና ሁለት። ለልጅ አንድ እጅ ይበቃል፤ ለጨቅላ ሕፃን ሁለት አውራ ጣት። ሥራው ያደክማል፤ ስለዚህ ተቀያየሩ። እስኪተነፍስ ወይም የጤና ባለሙያ እስኪደርስ ድረስ አታቁሙ። ካስመለሰው በጎኑ አዙሩት፣ አፉን ጥረጉ፣ ቀጥሉ።

መተንፈስ የጀመረ ሰው በጎኑ ይተኛ። እርጥብ ልብሱ ይውለቅ፤ በደረቅ ጋቢ ይጠቅለል። ውኃ የሰውን ሙቀት ከአየር ይልቅ ፈጥኖ ስለሚወስድ በቆላም ቢሆን ይበርደዋል። አረቄ አይሰጠው። አረቄ የሚያሞቅ ይመስላል እንጂ ሙቀትን ከሰውነት ያስወጣል። ከዚያም «ዳንሁ፣ ደህና ነኝ» ቢል እንኳ ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰድ። ሳንባው ውኃ ያገኘው ሰው ከሰዓታት በኋላ ሊያስለው፣ ትንፋሹ ሊፈጥንና ሊባባስበት ይችላል።

አንድ ነገር ለእናቶች እንጨምር። ታንኳ ላይ ስትወጡ አንቀልባውን ፍቱና ሕፃኑን ከፊት እቀፉት። ጀርባ ላይ እንደ ታሰረ ውኃ ውስጥ ከተገባ እናት ለመንሳፈፍ በጀርባዋ ስትንጋለል ሕፃኑ ከሥር ይሆናል። ወንዶችም ጋቢ አንገታችሁ ላይ አትቋጥሩ። የራሰ ጋቢ ከባድ ነው፤ የተቋጠረ ከሆነ ውኃ ውስጥ አይፈታም።

ጀሪካኑን ለማዘጋጀት ገንዘብ አያስፈልግም። የማያፈስ አሮጌ ጀሪካን ይበቃል። በጣም ባዶ ከሆነ ነፋስ እየመለሰ ያስቸግራል፤ ስለዚህ አንድ ኩባያ ያህል ውኃ ጨምሩበትና ክዳኑን አጥብቁ፤ ለመወርወር ይመቻል። 20 ክንድ ገመድ በእጀታው እሰሩ። የገመዱን ሌላ ጫፍ በእጃችሁ ወይም ከእግራችሁ በታች ያዙ እንጂ በሰውነታችሁ ላይ አትሰሩት። ጭነት ሥር አይቀመጥ፤ ቀዛፊው እጁን ዘርግቶ በሚያገኘው ቦታ ይሁን። ከዚያም ነፋስ በሌለበት ማለዳ ዳር አካባቢ ሞክሩት። አንድ ቅል ውኃ ላይ ጣሉና ቅዘፉ፤ ሃምሳ ቁጠሩና «ሰው ወደቀ!» በሉ። አንዱ ይጠቁም፣ አንዱ ይወርውር፣ አንዱ ያዙር። ቅሉን ሳትመቱ አጠገቡ እስክትቆሙ ድረስ ደጋግሙ። ልጆችም ይዩት፤ እነሱ ዓይናቸው ከእኛ ይበልጣል፤ የመጠቆሙ ሥራ ለእነሱ ይሰጥ።